ጎመን በሥጋን በዝግታ ለቤተሰብ ማብሰል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎመን በሥጋ የሚሠራባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። አጥንት ያለው ሥጋ፣ የአበሻ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የተነጠረ ቅቤ ከተገኙ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው። ይሁን እንጂ በአንዱ ቤት ሥጋው ለስልሶ፣ ጎመኑም የሥጋውን ወዝ ጠጥቶ ሲቀርብ፣ በሌላው ቤት ሥጋው ለጥርስ እያስቸገረ ጎመኑ ግን ፈርሶ ይቀርባል። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቅመሙ ሳይሆን ከጊዜ አያያዙ ነው፤ ሥጋው ሰዓታት ሲፈልግ ጎመኑ ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ሁለቱ ግን በመጨረሻ በአንድ ድስት መገናኘት አለባቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለስድስት ሰው ያህል የሚበቃ ምግብ በማሰብ የተዘጋጁ ናቸው።

የትኛውን የሥጋ ክፍል ልግዛ?

ጎድንና ፍርምባ ከሁሉም ይመረጣሉ፤ በእነዚህ ላይ አንድ ሁለት ቁራጭ ቅልጥም ቢታከል መረቁ ይበልጥ ወፈር ይላል። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ጅማትና ስስ ሽፋን ይበዛል፤ በእሱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር በእርጥበት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲሞቅ ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ስለሚለወጥ፣ ለመረቁ ከንፈር ላይ ያዝ የሚያደርግ ውፍረት የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ለጥብስ ወይም ለክትፎ የሚሆን ጥሩ ቀይ ሥጋ ለዚህ ምግብ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዋጋው ውድ ሆኖ ሳለ ከረጅም ቅቀላ በኋላ ደርቆ ክር ክር ይላል። ሥጋ ቤት ሲሄዱ «ለቅቅል የሚሆን ጎድን» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

አጥንቱ በመጥረቢያ ሲመታ ስብርባሪ ይወጣዋል። በመሆኑም ቤት ከደረሰ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ የተቆረጠበትን ጠርዝ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚዘሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ውጤቱ ግን ማዕድ ላይ በጥርስ ይታወቃል። የበግ ሥጋም ለዚህ ምግብ ይሆናል፤ ስቡ በርከት የሚል ከሆነ ግን ቅቤውን በግማሽ መቀነስ ይገባል።

መጠኑ ስንት ይሁን?

ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ከአጥንቱ የተቆራረጠ ሥጋ፣ ሳይለቀም አንድ ኪሎ የሚመዝን ጎመን፣ አራት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ስድስት ወይም ሰባት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አራት ቃሪያ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና ጨው ያስፈልጋል። ጎመኑ ጥሬውን ሲታይ የበዛ መስሎ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አገዳው ወጥቶ፣ ቅጠሉ ተቀቅሎና ተጨምቆ ሲቀርብ ከግማሽ በታች ስለሚሆን መጠኑን መቀነስ አይገባም።

ሥጋው እስኪለሰልስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሰዎች የተለያየ መልስ የሚሰሙት፣ ትክክለኛው መልስ የሚወሰነው በሚኖሩበት ከተማ ከፍታ ጭምር ስለሆነ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። ዝቅ ብላ የምትገኘው ድሬዳዋ ወደ 96 ዲግሪ ትጠጋለች። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ኮላጅን የሚፈታበት ፍጥነት በየዲግሪው ስለሚለያይ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚበቃው ጎድን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል። ውጭ አገር በተጻፈ የምግብ አሠራር ላይ የተቀመጠውን ደቂቃ አምኖ እንግዳ የጠራ ሰው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እሳቱን ማብዛት ነገሩን አያፋጥነውም። አንዴ መፍላት የጀመረ ውሃ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ የሚያተርፈው ቶሎ መትነን፣ የሥጋውን ጠርዝ መፈርፈርና ስቡን ከመረቁ ጋር እየመታ ማደፍረስ ብቻ ነው። ትክክለኛው እሳት ክዳኑ ገለጥ ተደርጎ ሲታይ፣ በድስቱ አንድ ጠርዝ በኩል ብቻ ትንንሽ አረፋዎች አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ የሚጠፉበት ነው፤ ጆሮ ሲያቀርቡለት ድስቱ በለሆሳስ ይንተከተካል እንጂ አይንፈቀፈቅም።

መብሰሉን በሰዓት ሳይሆን በሥጋው መፍረድ ይሻላል። የጎድኑ ሥጋ ከአጥንቱ ጫፍ ወደ ኋላ ሸሽቶ አጥንቱ የጣት ውፍረት ያህል ሲራቆት፣ ሹካም ያለ ግፊት ሲገባና ሲወጣ በስሏል ማለት ነው። ከዚህ በፊት ሥጋው ጠጥሮ ከተገኘ ብዙ ሰው «ሥጋው ያረጀ በሬ ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው።

ቅደም ተከተሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን ይመስላል?

ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ተጥዶ ሥጋው ያለ ዘይትና ያለ ውሃ ይገባበታል። ሥጋው መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ውሃው መጥጦ በራሱ ስብ መቁላላት ሲጀምርና ጠርዙ ቡናማ ሲሆን፣ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈው ሽንኩርት ይጨመርና እስኪለሰልስ ድረስ እየተማሰለ አብሮ ይቁላላል። በዚህ ጊዜ የድስቱ መቀመጫ ላይ የሚይዘው ቡናማ ነገር ካላረረ በስተቀር ጣዕም ነውና በማማሰያ እየተፋቀ ከሽንኩርቱ ጋር መቀላቀል አለበት። ሽንኩርቱን አስቀድሞ አቁላልቶ ሥጋውን በኋላ መጨመር የሚመርጡ ብዙ ቤቶች አሉ፤ ያም አይከፋም፣ ሆኖም ሥጋው የሚያወጣው ውሃ ሽንኩርቱን ስለሚቀቅለው መቁላላቱ ይቋረጣል።

ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብተው ሽታቸው ሲወጣ፣ ሥጋውን ለጥቂት የሚሸፍን የፈላ ውሃ ይጨመራል። መፍላት ሲጀምር ከላይ የሚሰበሰበው አረፋ በማንኪያ ይገፈፋል፣ እሳቱ ዝቅ ይላል፣ ድስቱም በጥቂቱ ገርበብ ብሎ ይከደናል። ውሃ ሲጎድል ሙቅ ውሃ ጠብ ማድረግ ይቻላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ድስቱን ከመንተክተክ አስቁሞ ጊዜውን ያራዝማል። ጨው ሥጋውን ያጠነክራል የሚባለው ለዚህ ምግብ የሚያሰጋ አይደለም፤ ይሁን እንጂ መረቁ እየመጠጠ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል፣ ስለዚህ በጥቂቱ ጀምሮ የቀረውን ጎመኑ ከገባ በኋላ ቀምሶ መጨመር ይበጃል።

ሥጋው ሲበስል መረቁ ወርዶ የሥጋውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ መንካት አለበት። ከዚያ በላይ ካለ ክዳኑን ከፍቶ ማስመጠጥ ወይም በጭልፋ ቀንሶ ለብቻው ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከቀረ ግን ጎመኑ መረቅ ውስጥ የሚዋኝ ሾርባ ይሆናል። አስቀድሞ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆና ተከትፎ የተዘጋጀው ጎመን ያን ጊዜ ገብቶ ከሥጋው ጋር በቀስታ ይማሰላል፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃም አብሮ ይበስላል። ቅቤው፣ ኮረሪማውና ርዝመቱን የተሰነጠቀው ቃሪያ የሚገቡት ድስቱ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከወረደ በኋላ ተከድኖ አሥር ደቂቃ ያህል ቢቆይ ጎመኑ ቀሪውን ወዝ ይጠጣል።

ጎመኑን ለብቻው መቀቀል ግዴታ ነው?

የአበሻ ጎመን ከሆነ፣ በተለይም ቅጠሉ ያደገና የጠነከረ ከሆነ፣ አስቀድሞ መቀቀሉ ይመከራል። ጥሬውን ከሥጋው ጋር ሲጨመር የሚያወጣው ውሃ መረቁን ያቀጥነዋል፣ ምሬቱም ወደ ሥጋው ይሄዳል። ቅጠሉ በሦስት ውሃ ይታጠባል፤ በጀርባው በኩል ተለጥፈው የሚገኙት ጥቃቅን ነፍሳት ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ሲዘፈዘፍ ይለቃሉ። ከዚያ አገዳውን በአንድ እጅ ይዞ ቅጠሉን በሌላው እጅ ወደ ታች በመሳብ ማላቀቅ ነው። በብዙ የፈላ ውሃ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ጠልሎ፣ ሲበርድ በእጅ ተጨምቆ ይከተፋል። የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ከቫይታሚኑ የተወሰነውን እንደሚወስድ እውነት ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ለጋ ከሆነና ካልመረረ ቅቀላውን ትቶ፣ በስሱ ከትፎ በቀጥታ መጨመር ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ግን መረቁ ከወትሮው ይበልጥ የመጠጠ መሆን አለበት። ቆስጣ ቶሎ ስለሚፈርስ ለዚህ ምግብ አይመችም።

ጎመኑ አረንጓዴ እንዲሆን ሶዳ ልጨምር?

አይጨምሩ። ሶዳ ቀለሙን ማድመቁ አይካድም፤ ነገር ግን ቅጠሉን ያልማል፣ ቫይታሚን ሲውን ያጠፋል፣ ሲበዛም የሳሙና ጣዕም ይተዋል። ጎመን ሲበስል የሚለቀው አሲድ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ድስቱን ሳይከድኑ በብዙ ውሃ በመቀቀል የአሲዱ ክፍል ከእንፋሎቱ ጋር እንዲወጣ ማድረግና እንዳጠለሉት በቀዝቃዛ ውሃ ማለፍ ይረዳል። ያም ሆኖ ከሥጋ ጋር ለግማሽ ሰዓት ያህል የቆየ ጎመን ደመቅ ብሎ አይቀርም፤ ጠቆር ማለቱ ነውር አይደለም።

በርበሬ ይገባበታል?

አይገባም። ጎመን በሥጋ የአልጫ ወገን ነው። ማቃጠል የሚወድ ሰው ካለ ሚጥሚጣ በጎን ይቅረብለት፤ አይብም አብሮት ሲቀርብ ያምርበታል። በጉራጌ ማዕድ ላይ ደግሞ ከእንጀራ ይልቅ ከቆጮ ጋር መብላቱ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ምግብ ወዝ ቆጮ በጣም ይስማማዋል።

ድንችና ካሮት ብጨምርበትስ?

ልጆች ጎመን እንዲበሉ ለማባበል የሚያደርጉት ቤተሰቦች አሉ፤ ምግቡ ግን ከጎመን በሥጋነቱ ወጥቶ ወደ አትክልት ቅቅል ይጠጋል። ከተጨመረም ድንቹ በትልልቁ ተቆርጦ፣ ካሮቱም አብሮት፣ ጎመኑ ከመግባቱ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ይግባ። ድንች ጨው ስለሚጠጣ እንደገና መቅመስ ያስፈልጋል።

በፕሬዠር ኩከር፣ በስሎው ኩከር ወይም በኦቨን መሥራት ይቻላል?

በሦስቱም ይቻላል። ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ፕሬዠር ኩከር እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ግፊቱ ስለሚጨምር አዲስ አበባ ላይ በውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ሥጋውም ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለሰልሳል። በእሱ ውስጥ መበሰል ያለበት ግን ሥጋው ብቻ ነው። ግፊቱ በራሱ እስኪወጣ ታግሦ ከተከፈተ በኋላ መረቁ ክፍት ሆኖ ይመጥጥና ጎመኑ እንደ ወትሮው ይገባል፤ ጎመኑን ከሥጋው ጋር አፍኖ ማብሰል ወደ ገንፎ መለወጥ ነው።

ስሎው ኩከር ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛ ይመቻል። ሥጋውና ሽንኩርቱ በምድጃ ላይ ከተቁላሉ በኋላ ተጨምረው በዝቅተኛው ስምንት ሰዓት፣ በከፍተኛው ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይበስላሉ። በዚህ ዕቃ ውስጥ ውሃ እምብዛም ስለማይተን፣ የሚጨመረው ውሃ በድስት ከሚደረገው ሲሶው ይበቃል። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ሥጋ በቀጥታ መጨመር የለበትም፤ ዕቃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሥጋው ተሕዋስያን በሚራቡበት ሙቀት ላይ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ኦቨን የሚመርጥ ሰው ክዳኑ የሚገጥም የብረት ድስት በ150 ዲግሪ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያቆየዋል። ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚሞቅ ከሥር የመያዝ ስጋት የለበትም፤ በእኔ ግምት ኦቨን ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ይህ ነው።

በመሃል መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል?

ድስቱን አለመክፈት የመጀመሪያው ነው። ወፍራም ድስት ተከድኖ በጨርቅ ሲጠቀለል ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ሥጋውም መለስለሱን በተወሰነ ደረጃ ይቀጥላል። መብራቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ከቆመበት መቀጠል ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየና ድስቱ ለብ ወደ ማለት ከወረደ ግን ማቆየት አደጋ ስላለው፣ በከሰል ወይም በጋዝ ምድጃ ቶሎ እንዲፈላ ማድረግ ይገባል። ከሰሉ ቤት ውስጥ፣ በተዘጋ ክፍል፣ በፍጹም መቀጣጠል የለበትም፤ ጭስ የሌለው ፍም እንኳ የሚገድል ጋዝ ያወጣል።

ውጭ አገር የአበሻ ጎመን ባላገኝስ?

በአሜሪካ ገበያ ላይ የሚገኘው ኮላርድ ከሁሉም ይቀርበዋል፤ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ግን ቅቀላው አሥር ደቂቃ ይሁን። በአውሮፓ ከተሞች ኬል ይገኛል፣ ጣዕሙ ግን ለየት ይላል። ስፒናች አይተካውም። በእስራኤል ለሚኖሩና ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር ለማይቀላቅሉ ቤተሰቦች ቅቤው ቀርቶ በዘይት ይሠራል፤ ዘይቱ ከኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በዝቅተኛ እሳት ቢሞቅና ቢጠልል የቅቤውን መዓዛ የሚያስታውስ ነገር ይገኛል። ለሰንበት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጥዶ እስከ ቅዳሜ የሚያድር ከሆነ፣ ቅጠሉ ሳይቀቀልና ሳይደቅ በትልልቁ ቢገባ ይሻላል፤ የተከተፈው እስከ ጠዋት አይቆይም።

የሚጾም ሰው ወይም ሌላ እምነት ያለው እንግዳ ካለስ?

ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት ለሚጾሙ፣ ከተቀቀለው ጎመን ሥጋው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድርሻቸውን ለይቶ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ በሌላ ድስት መሥራት ነው፤ ማማሰያውም የተለየ መሆን አለበት። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በተለምዶ የሚበሉት እንደየእምነታቸው የታረደውን ስለሆነ፣ ጎረቤት ሲጠራ ሥጋው ከየት እንደሚገዛ አስቀድሞ መነጋገር የተለመደ ጨዋነት ነው።

ለትንንሽ ልጆች ይሰጣል?

ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ለጀመረ ሕፃን ሥጋውም ጎመኑም ብረት ስላላቸው ጠቃሚ ናቸው፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ብረት ራሱ በቀላሉ ከመመጠጡ ሌላ የጎመኑም ብረት ይበልጥ እንዲመጠጥ ይረዳል። ድርሻው ጨውና ቃሪያ ከመግባቱ በፊት ይውጣ፣ ከአጥንት ፈጽሞ ይለይ፣ ሥጋውም ደቅቆ ይሰጥ። አዋቂዎችም ቢሆኑ ምግቡን እንደጨረሱ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣታቸው የብረቱን መመጠጥ ይቀንሰዋል፤ በተለይ የደም ማነስ ያለባት ሰው ቡናዋን አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገይ ይጠቅማታል።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊበላው ይችላል?

ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል። ጎመን መተው ግዴታ አይደለም፤ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ የሚበላው መጠን ተቀራራቢ እንዲሆን ማድረግና ለሐኪም መንገር ነው። ለወራት ጎመን ሳይቀምሱ ቆይቶ በበዓል ሰሞን ለተከታታይ ቀናት መብላት ነው ችግር የሚያመጣው።

የተረፈውን እንዴት ላቆየው?

ትልቅ ድስት ሙሉ ሥጋ ምድጃ ላይ እንዳለ ማሳደር ከልማዶቻችን ሁሉ መቅረት ያለበት ነው። መካከሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ስለሚቆይ፣ ከመፍላት የተረፉ የተሕዋስያን ዘሮች ነቅተው ይራባሉ፤ ጠዋት ሲሸተት ምንም የተበላሸ አይመስልም፣ ሆድ ግን ያውቀዋል። ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዝቅ ባሉ ሰፋፊ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ወደ ፍሪጅ ይግባ፤ ከአራት ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ እስከ አራት ቀን ይቆያል። በፍሪዘር ሁለት ሦስት ወር ቢቆይም ጣዕሙ ብዙ አይጎዳም፣ ጎመኑ ግን ትንሽ ይለሰልሳል። በማግስቱ ከላይ የረጋው ስብ በማንኪያ ሊነሣ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው መረቅ እንደ ጄሊ ረግቶ ከተገኘ ሥጋው በሚገባ መብሰሉን ያሳያል። ሲሞቅ የሚበላው ያህል ብቻ ተለይቶ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ተጨምሮበት፣ እስከ መካከሉ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ይሞቅ፤ አንዴ የሞቀው ተመልሶ ወደ ፍሪጅ አይገባም።